ምስጢር አውጥተሃል ተብሎ የተፈረደበት አዘጋጅ

ካርል ፎን ኦሲየትስኪ እ.ኤ.አ. በ1889 በጀርመን ሀምቡርግ ተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሰልፎ ያየው እልቂት የጦርነት ጥላቻውን አጠነከረው፤ ኋላም በበርሊን የዲ ቬልትቡነ ሳምንታዊ መጽሔት ዋና አዘጋጅ ሆነ።

በቬርሳይ ውል ጀርመን የጦር አውሮፕላን እንዳይኖራት ተከልክላ ነበር። መጽሔቱ በ1929 መንግሥት በስውር አየር ኃይል እያደራጀ መሆኑን የሚያመለክት ጽሑፍ አወጣ። ከመረጃው ከፊሉ በምክር ቤቱ የበጀት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ የሰፈረ ስለነበር ምስጢር መባሉ ራሱ ያጠያይቃል። ሆኖም በ1931 በዝግ ችሎት የ18 ወር እስራት ተፈረደበት። የጽሑፉ ባለቤት ወደ ፈረንሳይ ሲሸሽ፣ አዘጋጁ ግን ከአገር የወጣ ተቺ በአገሩ ሰሚ ያጣል ብሎ ስላመነ በ1932 ወህኒ ወረደ።

በምሕረት ከተፈታ ከሁለት ወር በኋላ የሂትለር መንግሥት ያዘው። በኤስተርቬገን ካምፕ እስረኞች ረግረጉን ለማጠንፈፍ በአካፋ ቦይ ይቆፍሩ ነበር፤ ለጤነኛ ገበሬ እንኳ ከባድ የሆነው ይህ ሥራ እርሱን ሰበረው። በ1936 የኖቤል የሰላም ሽልማት ቢሰጠውም ሄዶ እንዳይቀበል ተከለከለ። በ1938 እየተጠበቀ በበርሊን ሆስፒታል በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ልጁ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ያቀረበችውን አቤቱታ የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1992 ውድቅ አደረገው።