ኤሚሊ ዲክንሰንና ውሻዋ ካርሎ

ኤሚሊ ዲክንሰን ስትነሣ ነጭ ልብስ ለብሳ ከቤት የማትወጣ ባለቅኔ መሆኗን ሁላችንም እንሰማለን። በወጣትነቷ ግን ጫካውንና ሜዳውን የምታስስ ሴት ነበረች፤ አብሯትም አንድ ትልቅ ውሻ ይሄድ ነበር።

የተወለደችው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1830 በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ፥ አምኸርስት በምትባል ከተማ ነው። አባቷ ጠበቃና የከተማው ኮሌጅ ገንዘብ ያዥ ነበር። በሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት አንድ ዓመት ያህል ተምራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በ1850 ግድም አባቷ የኒውፋውንድላንድ ዘር የሆነ ውሻ ገዛላት፤ ይህ ዘር ሰው ከባሕር ጎትቶ በማውጣት የታወቀ ግዙፍ ውሻ ነው። ስሙን ካርሎ አለችው። በሻርሎት ብሮንቴ «ጄን ኤር» ውስጥም ካርሎ የሚባል ውሻ አለ። ማታ ማታ ፋኖስ ይዛ፥ ካርሎን አስከትላ ወደ ወንድሟ ቤት ትሄድ ነበር።

በ1862 ለደራሲው ለቶማስ ዌንትዎርዝ ሂጊንሰን ግጥሞቿን ልካ ምክሩን ለመነች። (ሰውየው በዚያው ዓመት ከባርነት ነፃ ለወጡ ጥቁር ወታደሮች አዛዥ ሆነ።) ባልንጀሮችሽ እነማን ናቸው ብሎ ቢጠይቃት ኮረብታውን፥ የፀሐይ መጥለቂያውንና እርሷን የሚያህለውን ውሻዋን ጠቀሰችለት፤ የሰው ስም አልጠራችም። በ1864 ዓይኗን ለመታከም ወደ ቦስተን አካባቢ ስትሄድም ታስሮ ይሞታል ብላ ስለ ሰጋች ካርሎን አልወሰደችውም።

በ1866 መጀመሪያ ካርሎ ሞተ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል አብረው ኖረው ነበር። ለሂጊንሰን በጻፈችው እጅግ አጭር ደብዳቤ መሞቱን ነገረችውና ከእንግዲህ እርሱ ያስተምራት እንደ ሆነ ጠየቀችው። መምህር የሞተበት ሰው ነው እንዲህ የሚጠይቀው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ውሻ አላሳደገችም። ገንዘብም ግቢም አልጐደለባትም፤ እኅቷ ላቪንያ ድመት በድመት ላይ የምታሳድግ ስለ ነበረች ቤቱም እንስሳ የሚጠላ አልነበረም። ሁለተኛ ሐዘን ፈርታ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ሞትን በግጥሟ እየደጋገመች ፊት ለፊት የገጠመች ሴት በዚህ ፈራች ማለት ግን ለኔ ይከብደኛል። ይልቅስ ካርሎን በሌላ እንደሚተካ ዕቃ አልቈጠረችውም ብል እመርጣለሁ።

ምርጫው ቀላል አልነበረም። የእግር ጉዞዋ ቀረ፤ በ1869 ከአባቷ ግቢ ወጥታ ወደ ማንም ቤት እንደማትሄድ ለሂጊንሰን ጻፈችለት። በ1865 ከ200 በላይ ግጥም የጻፈች ሴት በ1866 የጻፈችው ዐሥር ያህል ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በውሻው ሞት ማሳበብ አይገባም፤ የቤት ሠራተኛቸው በ1865 አግብታ ስለ ወጣች የማጀቱ ሥራ በርሷም ላይ ወድቆ ነበር።

ያለ ውሻ ሃያ ዓመት ኖራ በ1886 ዐረፈች። ላቪንያ በክር የተሰፉ 40 ያህል የግጥም ጥራዞች ከክፍሏ አገኘች። በ1890 የመጀመሪያውን መጽሐፍ አርመው ካሳተሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ሂጊንሰን ነበር።