የሥነ ልቡናው ሊቅ ላይትነር ዊትመር

በዚህ እትም የፕሮፌሰር ላይትነር ዊትመርን ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን። እ.ኤ.አ. በ1867 በአሜሪካ፣ በፊላደልፊያ ከተማ ተወለዱ። በጀርመን አገር በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ በቪልሄልም ቩንት ዘንድ ሥነ ልቡናን ተምረው፣ በ1892 በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በ1896 አንዲት መምህርት ቃላትን አስተካክሎ መጻፍ የተሳነውን የ14 ዓመት ልጅ አመጣችላቸው። እርሳቸውም ስንፍና ነው ብለው አልመለሱትም፤ መረመሩት። የዓይን ጉድለት ስላገኙበት መነጽር እንዲደረግለትና ለብቻው እንዲማር አደረጉ። በዚያው ዓመት በዓለም የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ ከፈቱ፤ በ1907 ባቋቋሙት መጽሔትም ሙያውን ክሊኒካዊ ሥነ ልቡና ብለው ሰየሙት። በ1956 በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። ሕፃናትን የምናስተምር ሁላችን፣ ትምህርት ያልገባውን ልጅ ከመገሠጻችን አስቀድሞ አጥርቶ ማየቱንና መስማቱን እንመርምር።