አልበርት ናይሰር፦ የጨብጥን ባክቴሪያ ያገኙት ሐኪም

ዶክተር አልበርት ናይሰር እ.ኤ.አ. በ1855 በፕሩሲያ ግዛት፣ ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው በሽቫይድኒትስ ከተማ ተወለዱ። በ1877 በሕክምና ተመርቀው በብሬስላው ከተማ የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ማገልገል ጀመሩ።

በዘመኑ የጨብጥ መንስኤ በውል አይታወቅም ነበር። ናይሰር በ1879፣ በ24 ዓመታቸው፣ ከሕመምተኞች የሽንት ቧንቧና ከጨቅላ ሕፃናት ዐይን የወሰዱትን መግል ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚታዩ ባክቴሪያዎችን አገኙ። ባክቴሪያውም በኋላ በስማቸው ናይሴሪያ ጎኖሪያ ተባለ።

የሕይወት ታሪካቸው ነቀፌታም አለበት። የቂጥኝ መከላከያ ሲፈልጉ ከቂጥኝ ሕመምተኞች የተወሰደ ሴረም ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ወጉ፤ ከተወጉትም አንዳንዶቹ በኋላ ቂጥኝ ይዟቸው ተገኙ። በ1900 የገንዘብ ቅጣት የተጣለባቸው ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የፕሩሲያ መንግሥት የታካሚ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚያዝ መመሪያ አወጣ።

ናይሰር በ1916 ሲያርፉ ጨብጥን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚፈውስ መድኃኒት ገና አልነበረም። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ተስፋ ቢሰጥም፣ ባክቴሪያው ፔኒሲሊንን፣ ቴትራሳይክሊንንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን በየተራ ተላመደ።

ዛሬ በአርባ ምንጭም ሆነ በሌላ የጋሞ ዞን አካባቢ የሕመምተኛን መግል በማይክሮስኮፕ የሚመለከት የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚያየው ናይሰር ያዩትን ባክቴሪያ ነው። ማይክሮስኮፕ ግን የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚገታ አያሳይም፤ ይህን የሚለየው የካልቸር ምርመራ ነው። ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እንዲራባ ከተደረገ በኋላ መድኃኒት የያዙ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል፤ በወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክፍት ቦታ ስፋት ይለካል። ክፍት ቦታው ከጠበበ ወይም ከሌለ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል ማለት ነው። ናሙናው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት መወሰድ አለበት፤ ባክቴሪያው ከሰውነት ውጪ ቶሎ ስለሚሞት፣ ለምሳሌ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ የሚላክ ናሙና በጉዞ ላይ ቢደርቅ ወይም ቢቀዘቅዝ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ስለሆነም ሽንት ሲሸና የሚያቃጥለው ወይም ከብልቱ መግል የሚፈሰው ሰው በራሱ ውሳኔ መድኃኒት ገዝቶ ከመውሰድ ተቆጥቦ ከወሲብ ጓደኛው ጋር በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ሊሄድ፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት በአግባቡ ሊጨርስ ይገባል።