ለኤሌክትሮዶች የመለኪያ መነሻ ያስገኙት ሳይንቲስት

ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፕሮፌሰር ዋልተር ነርንስት እ.ኤ.አ ጁን 25 ቀን 1864 ዛሬ በፖላንድ በምትገኘው ብሪዘን ከተማ ተወለዱ።

እ.ኤ.አ በ1887 በዉርዝበርግ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ በላይፕዚግ የፕሮፌሰር ዊልሄልም ኦስትዋልድ ረዳት ሆኑ። እ.ኤ.አ በ1889 የባትሪ ቮልቴጅ በውስጡ ካለው ውሁድ መጠን ጋር ያለውን ዝምድና የሚያሰላ፣ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ቀመር አወጡ።

ይሁንና የአንድ ኤሌክትሮድ ቮልቴጅ ለብቻው ሊለካ አይችልም፤ የሚለካው በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። የተራራ ከፍታ ከባሕር ወለል ተነስቶ እንደሚለካ ሁሉ ለኤሌክትሮዶችም የጋራ መነሻ ያስፈልግ ነበር። ኦስትዋልድ የሜርኩሪ ኤሌክትሮድን ሲመርጡ፣ የቀድሞ ረዳታቸው ግን እ.ኤ.አ በ1900 ገደማ የሃይድሮጂን ኤሌክትሮድ ዜሮ ተብሎ እንዲወሰድ ሐሳብ አቀረቡ። ውሎ አድሮ ተቀባይነት ያገኘው የረዳቱ ሐሳብ ነው።

ኤሌክትሮዱ አሲድ ውስጥ በተነከረ ፕላቲኒየም ላይ የሃይድሮጂን ጋዝ በማሳለፍ ይሠራል። በዚህ መለኪያ ዚንክ ከዜሮ በታች 0.76፣ መዳብ ከዜሮ በላይ 0.34 ቮልት በመሆናቸው ሁለቱ የሚገኙበት ባትሪ 1.10 ቮልት ይሰጣል።

ፕሮፌሰር ነርንስት የ1920ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኙት ግን በሙቀት ኬሚስትሪ ሥራቸው ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተዋል፤ ከአይሁዳውያን ጋር ትዳር የመሠረቱ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውም በናዚዎች ዘመን አገር ጥለው ተሰደዋል። እርሳቸው እ.ኤ.አ በ1933 ከሥራ ተገልለው በገጠር ርስታቸው ከኖሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 18 ቀን 1941 በ77 ዓመታቸው እዚያው አርፈዋል።