የስቱ አንገር ኪስ

ባለፈው ወር አንድ የልጅነት ጓደኛዬ ከስዊድን በቴሌግራም ጻፈልኝ። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ይሠራል፣ ማታ ማታ ደግሞ በኢንተርኔት ፖከር ይጫወታል። ትልቅ ቁማር እንዳይመስላችሁ። መግቢያቸው ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ዶላር የሆኑ ውድድሮች ናቸው። አንድ ሌሊት ከሁለት ሺህ በላይ ሰው የገባበትን ውድድር አንደኛ ሆኖ ጨረሰና 1,900 ዶላር አገኘ። የጻፈልኝ ግን ሊያበስረኝ ብቻ አልነበረም። ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ቢጫወትስ? ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፣ እስቲ ሒሳቡን ሥራልኝ ነው ነገሩ።

እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ከ1,900ው ስንት እንደቀረ ነው። ካሸነፈ ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ 700 ዶላር ገደማ ቀርቶታል። ካሸነፈ ወዲህ መግቢያቸው 109 ዶላር የሆኑ ውድድሮችን መሞከር ጀምሯል። አሥራ አንድ ጊዜ ገባ፣ አሥራ አንዱንም ባዶ እጁን ወጣ።

ያኔ ነው ስቱ አንገር ትዝ ያለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ስሠራ ሰዎች በኪሳራ ስጋት ውስጥ እንዴት እንደሚወስኑ አነብ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ንባብ ቀመሮቹን ረስቼ የዚህን ሰውዬ ሕይወት ነው የማስታውሰው። ለጓደኛዬም የጻፍኩለት እሱኑ ነው።

ስቱ የተወለደው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1953 ኒውዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። አባቱ ቡና ቤት ነበረው፣ እንጀራው ግን ውርርድ መቀበልና በአራጣ ማበደር ነበር። ቁማር ደንበኞቹን ምን እንደሚያደርጋቸው በየቀኑ በዓይኑ ስለሚያይ ልጁን ከካርታ ሊያርቀው ሞክሯል። አልሆነም። ልጁ በ10 ዓመቱ የጂን ራሚ ውድድር አሸነፈ። ጂን ራሚ ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። ዶርም ውስጥ ኮንከር የተጫወተ ሰው ካርታ እያነሱና እየጣሉ መደርደር ምን እንደሆነ ያውቃል። ልዩነቱ ስቱ የተጣለችውን እያንዳንዷን ካርታ አለመርሳቱ ነው።

አባቱ ገና ታዳጊ ሳለ በልብ ሕመም ሞተበት። እናቱም ታመመች፣ ትምህርቱንም አቋረጠ። ቪክቶር ሮማኖ የሚባል፣ ከከተማዋ ማፊያ ጋር ግንኙነት ያለው ሰው እንደ አባት ሆኖ ያዘውና በየቁማር ቤቱ አጫወተው። የሚያሸንፈው ሲያጣም ሃሪ ስታይን የሚባል የታወቀ ተጫዋች መጣ፤ ስቱ 86 ለ 0 እንዳሸነፈው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ማን ከእሱ ጋር ይቀመጥ? ተቃዋሚ ለመሳብ ብሎ ለሌላው ሰው ብልጫ እየሰጠ መጫወት ጀመረ፣ ያም ሆኖ ያሸንፋል። እኛ ክፍል ውስጥ ስለ ሞኖፖሊ ስንማር ገበያውን ጠቅልሎ ከመያዝ አልፎ ገበያውን ጨርሶ ስለሚያጠፋ ሻጭ የነገረን የለም። ስቱ ያ ነው። ወደ ፖከር የገባውም ጂን ራሚ የሚጫወተው ሰው ስለጠፋ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። በካርታ ማንም የማያሸንፈው ይህ ወጣት ከኒውዮርክ የወጣው በዕዳ ተሳዶ ነው። ዕዳው ደግሞ የፈረስ ውድድር ነበር። መጀመሪያ ወደ ማያሚ ሄደ፣ ከዚያ ላስ ቬጋስ ገባ። ብዙ ሰው የእሱን ታሪክ ሲተርክ ጥፋቱን ሁሉ በኮኬይን ላይ ይጥላል። እኔ አይዋጥልኝም። ኮኬይኑ የመጣው ኋላ ነው፤ ገንዘቡ ግን ከዚያ በፊትም እጁ ላይ አይቆይም ነበር።

ላስ ቬጋስ በገባበት ሰሞን ቦብ ስቱፓክ ከሚባል የካሲኖ ባለቤት ጋር ተወራረደ። ስድስት ደርዝ ካርታ አንድ ላይ ተቀላቅሎ ግማሹ ከወጣ በኋላ የቀሩትን ሦስት ደርዝ ካርታዎች አስታውሶ መናገር ነበረበት። ተናገረ፣ 100,000 ዶላርም ወሰደ። የስቱፓክን ስም ያዙልኝ።

በ1980 ቢኒየንስ ሆርስሹ በሚባለው ካሲኖ ወደሚደረገው የፖከር የዓለም ሻምፒዮና ገባ። መግቢያው 10,000 ዶላር፣ ተወዳዳሪው 73 ሰው። ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት ብዙም አያውቀውም ነበር። በመጨረሻው ዙር ሁለት ጊዜ ሻምፒዮን የነበረውን ዶይል ብራንሰንን አሸንፎ 365,000 ዶላር ወሰደ። 26 ዓመቱ ነበር፤ ቀጭን፣ የሕፃን ፊት ያለው፣ ስሙንም ልጁ አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጣና ከ75 ሰው መካከል እንደገና አሸነፈ፤ 375,000 ዶላር። ገንዘቡ ወዴት ሄደ? ወደ ፈረሶቹ፣ ወደ ስፖርት ውርርድ፣ ብዙም ወደማይችለው ጎልፍ ሳይቀር። የባንክ ሒሳብ እንኳን አልነበረውም ይባላል።

ጓደኛዬ የጠየቀኝ ሒሳብ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፖከር ተጫዋቾች ለጨዋታ ብቻ ለይተው የሚያስቀምጡት ገንዘብ አላቸው፣ ባንክሮል ይሉታል። የቤት ኪራይ እዚያ ውስጥ አይገባም፣ የቀለብም አይገባም። ብዙ ሰው የሚገባባቸው ውድድሮች ላይ የሚጫወት ሰው ቢያንስ መቶ መግቢያ ይያዝ ይባላል፤ ሺዎች የሚገቡበት ከሆነ ሁለት መቶና ከዚያ በላይ። ስለዚህ የ3 ዶላር ውድድር ለመጫወት 300 ዶላር፣ ካስፈለገም 600። ገንዘቡ ሲቀንስ ወደ 1 ዶላሩ መውረድ ነው፣ ሲጨምር ቀስ ብሎ መውጣት።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በተለመደ ውድድር ከ100 ሰው ሽልማት የሚያገኘው 15 ቢሆን ነው። ከእነሱም አብዛኞቹ የሚያገኙት ከመግቢያቸው ብዙም የማይበልጥ ነው፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው ከላይ ጥቂት ሰዎች ጋ ነው። አንድ መካከለኛ ተጫዋች አሥራ አንድ ጊዜ በተከታታይ ባዶ እጁን የመውጣት ዕድሉን አሰላሁት፤ 17 ከመቶ ገደማ ነው። ከስድስት ሰው አንዱ ይደርስበታል ማለት ነው። ጓደኛዬ የተለየ መዓት አልወረደበትም፣ መጥፎ ተጫዋችም ላይሆን ይችላል። ችግሩ 1,900 ዶላር ለ109 ዶላር ውድድር 17 መግቢያ ብቻ መሆኑ ነው። በየጊዜው ካለህ ላይ አንድ አሥረኛውን ብታስገባና አሥር ጊዜ ብትሸነፍ ከ100 ዶላርህ 35 ብቻ ይቀርሃል። አንድ መቶኛውን ብታስገባ ግን 90 ይቀርሃል። ሽንፈቱ ያው ነው፣ ጠዋት የምትነሳበት ኪስ ግን ያው አይደለም።

ስቱ ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1956፣ ቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ጆን ኬሊ የሚባል ሳይንቲስት ስለዚሁ ነገር አንድ ቀመር አሳትሞ ነበር። በቀላል አማርኛ እንዲህ ነው፤ ካለህ ገንዘብ የምታስይዘው ድርሻ በሌላው ላይ ባለህ ብልጫ ልክ ይሁን። ትንሽ ብልጫ ካለህ ትንሽ፣ ምንም ብልጫ ከሌለህ ምንም። ስቱ ዓለም ሁሉ በመሰከረለት ብልጫ ካርታ ላይ ያገኘውን ብልጫው ዜሮ ለሆነበት ፈረስ ይሰጥ ነበር። ሠፈራችን ቤቲንግ ቤት ፊት ለፊት ትኬት ይዘው የሚቆሙትን ልጆች ሳይ ይሄው ቀመር ይመጣብኛል። ለነገሩ እኔም ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የወር ቀለቤን አንድ ቅዳሜ ለአምስት ግጥሚያ ትኬት ሰጥቻለሁ፣ ስለዚህ ብዙ አላወራም።

ቀሪው የስቱ ሕይወት በፍጥነት ይነገራል። ትዳሩ ፈረሰ። የእንጀራ ልጁ ገና በወጣትነቱ የራሱን ሕይወት አጠፋ። በ1990 ሻምፒዮናው ላይ ቺፕስ ከምሮ እየመራ ሳለ በሦስተኛው ቀን ሳይመጣ ቀረ፤ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ስቶ ተገኘ። ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ ቺፕሱ በየዙሩ እየተቆረጠለት፣ ዘጠነኛ ወጣ። ይሄን እያሰብኩ ብዙ ጊዜ እስቃለሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሳቄ ይጠፋል።

በ1997 የመግቢያዋን 10,000 ዶላር የሚከፍልበት አልነበረውም። ቢሊ ባክስተር የሚባል ጓደኛው ትርፉን እኩል ሊካፈሉ ተስማምቶ በመጨረሻው ሰዓት ከፈለለት። ስቱ በኮኬይን የተጎዳ አፍንጫውን ለመሸፈን ሰማያዊ መስታወት ያለው ክብ መነጽር አድርጎ ተቀመጠ። የሴት ልጁን ፎቶ ይዞ ነበር። ከ312 ሰዎች አንደኛ ሆነ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር። ባክስተር ግማሹን ወሰደ፣ ለስቱ 500,000 ደረሰው። እኔ ይሄን ክፍል ሳነብ የሚገርመኝ ውሉ ነው። ምንም ካፒታል ሳያወጣ፣ ኪሳራውን ሌላ ሰው ተሸክሞለት፣ ግማሽ ሚሊዮን ያገኘ ሰው። ከዚህ የተሻለ መነሻ የት ይገኛል? በጥቂት ወራት ውስጥ ገንዘቡ አለቀ። በዕፅና በስፖርት ውርርድ።

በ1998 ባክስተር እንደገና ከፈለለት። ስቱ ውድድሩ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩ ደክሞኛል ብሎ ቀረ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ያ ስቱፓክ፣ ከሃያ ዓመት በፊት 100,000 ዶላር የተበላው ሰው፣ የውድድር ወጪውን ሊሸፍንለት ተስማማ። ኖቬምበር 22 ቀን ስቱ ላስ ቬጋስ ውስጥ ኦኤሲስ በሚባል ርካሽ ሞቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። 45 ዓመቱ ነበር። ለዓመታት የተጠቀመው ዕፅ ልቡን ጎድቶት ነበር። ኪሱ ውስጥ 800 ዶላር ገደማ ተገኘ። የቀብሩን ወጪ ለመሸፈን ከለቀስተኞቹ ገንዘብ ያሰባሰበው ስቱፓክ ነው።

ይሄን ሁሉ ለጓደኛዬ ጽፌ፣ የቀረው 700 ዶላር ለ3 ዶላር ውድድር 233 መግቢያ እንደሚሆነው ከሥር ጨመርኩለት። ትናንት ማታ ወደ 3 ዶላሩ እንደተመለሰ ነገረኝ። ስለ ሥራው ግን እስካሁን አልመለሰልኝም።