አርባው ልጆችና መምህራቸው

አንድ መምህር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል የኬቮርክ ናልባንዲያን ሕይወት ያሳየናል።

ኬቮርክ አርመናዊ ናቸው፤ የተወለዱት ዛሬ በቱርክ ውስጥ ባለችው በአይንታብ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲደርሱ፣ ከጭፍጨፋ የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ኬቮርክም መሪያቸው ሆኑ።

በአገራችን ክራርና ማሲንቆ አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኙን ያጅባሉ። በአውሮፓም መሣሪያ ድምፅን ተከትሎ መሄድ የተለመደ ነበር፤ ለመሣሪያ ብቻ የተጻፉት እነሶናታና ኮንቼርቶ የበረከቱት በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። ኬቮርክ ይዘውት የመጡት ትምህርት የዚሁ ልጅ ነው፦ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ድርሻ ከኖታ ያነባል፤ አንዱ ዜማውን ሲይዝ ሌላው ከሥር ይደግፈዋል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል የተሰማውና ከአርባ ዓመት በላይ ያገለገለው ብሔራዊ መዝሙር ዜማው የሳቸው፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

የአርባው ልጆች ጓድ ሲበተን ኬቮርክ እዚሁ ቀርተው ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን አስተማሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስም ሙያውን ቀጠሉበት።

እኛስ? ነገ ምንጃር ገጠር ስንመደብ ትራምፔት ላናገኝ እንችላለን። ዋሽንት ግን በየእረኛው እጅ አለ፤ ብቻ የሚያስተምር ይገኝ!