በርናርዲኖ ራማዚኒ፤ የሠራተኞች ሐኪም

የምትመለከቱበት መስተዋትና የምትበሉበት ሳሕን ሲሠሩ የሠሪያቸውን ጤና ጎድተው እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁን? ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት ይህን አጥብቆ ያሰበ አንድ ኢጣሊያዊ ሐኪም ነበር።

በርናርዲኖ ራማዚኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1633 ዓ.ም. ካርፒ በምትባል የሰሜን ኢጣሊያ ከተማ ተወለደ። የሕክምና ትምህርቱን በፓርማ በ1659 ዓ.ም. ፈጸመ፤ በ1682 ዓ.ም. ደግሞ በሞዴና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ሆነ።

አንድ ቀን በመኖሪያ ቤቱ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርግ ሠራተኛ ያለ ዕረፍት ሲጣደፍ ተመለከተ። ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ በጉድጓዱ ውስጥ ብዙ መቆየት ዓይንን እንደሚያጠፋ ነገረው። ራማዚኒም የሰውየውን ዓይኖች ቢመረምር ቀልተውና ፈዝዘው አገኛቸው። በከተማው ከሚለምኑት ዓይነ ስውራን መካከልም ቀድሞ በዚሁ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ መኖራቸውን ተገነዘበ። በጠራጊዎቹ ኪስ ያለ የመዳብና የብር ሳንቲም እንኳ ከጉድጓዱ በሚወጣው ትነት ይጠቁር ነበር። ሳንቲምን የሚያጠቁር ትነት ዓይንን እንዴት ይምራል?

ከዚህ በኋላ ራማዚኒ ወደየሥራ ቦታው እየሄደ የሠራተኞችን ሕመም መረመረ። ሳሕን የሚያንጸባርቅበትን ቅብ ለማዘጋጀት እርሳስ የተባለውን ማዕድን የሚፈጩ ሸክላ ሠሪዎች መጀመሪያ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ውሎ አድሮም ይሽመደመዳል። መስተዋት ሠሪዎችን ደግሞ ባዜቃ ይመርዛቸዋል። የአርባ ያህል ሙያዎችን በሽታ የሚገልጸውን መጽሐፉን በ1700 ዓ.ም. አሳተመ፤ አፍን መሸፈን፣ ገላን መታጠብ፣ ለሥራ ቤቱ ንጹሕ አየር ማስገባትና በየመካከሉ ማረፍ እንደሚጠቅምም መከረ።

ከሁሉ በላይ ግን ሐኪሞችን አስተማረ። ወደ ድኻ ቤት የገባ ሐኪም፣ መቀመጫው በርጩማ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ሳይቸኩል ተቀምጦ በሽተኛውን እንዲያነጋግር አሳሰበ። ከጥንት ጀምሮ በሽተኛ በሚጠየቀው ላይም አንድ ጥያቄ ጨመረ፤ ይኸውም የሥራው ዓይነት ምን እንደሆነ ነው።

ራማዚኒ በ1700 ዓ.ም. ወደ ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በእርጅናው የዓይኑ ብርሃን ቢደክምም ማስተማሩን አልተወም፤ በ1713 ዓ.ም. መጽሐፉን አስፋፍቶ እንደገና ካሳተመ በኋላ በ1714 ዓ.ም. አረፈ።

ዛሬ መርዛማ ኬሚካል በትንፋሽ፣ በቆዳና በምግብ ወደ ሰው አካል ምን ያህል እንደሚገባ፣ አፈርንና ውኃን ምን ያህል እንደሚበክል የሚለኩ ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ። መሣሪያቸው ከራማዚኒ ዘመን እጅግ የተራቀቀ ነው፤ መነሻቸው ግን ያው ጥያቄ ነው። እናንተም ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የፋብሪካ ኃላፊ ስትሆኑ፣ ሠራተኛው ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚተነፍስ መጠየቅን አትርሱ።